የካፖርቱ ተራ

ደብተሩ እነሆ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣
ከላይ እስከ መሀል ላምባ ፈሶበታል።
የኔ እጅ ጽሑፍ ግን፣ ሰማያዊው ቀለም፣
ዛሬም ቀጥ ብሎ አለ፣ አንድ ፊደል አልጎደለም፦

«የአራት ቁጥር መኝታ ቤት የእህቶች ማኅበር።
መምህራን ማሰልጠኛ፣ ደሴ። ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.
የተገኙ፦ ሰባት። የቀረ፦ የለም።
አጀንዳ፦ ብርድ።»

ጦሳ ጉሙን ለቆ በመስኮት ሲገባብን፣
አንድ ካፖርት ገዛን፣ ሰኞ ገበያ ወርደን፣
ከሰልባጁ ክምር፣ በሰባት ብር ቆርጠን፣
ስሙኒ ስሙኒ ለአራት ሳምንት ጥለን።
ወንድ የለበሰው ነው፤ ትከሻው ይሰፋል፣
እጅጌው ከጣት ወርዶ አንድ ስንዝር ያልፋል።
በውስጥ ኪሱ ደግሞ፣ ከማናውቀው አገር፣
የባቡር ትኬት አለ፤
ከኛ አንዷም ባቡር ያየች አልነበር።

«ውሳኔ፦ ካፖርቱ በየሳምንቱ ይዞራል።
ማንኛዋም እህት ከመልበሷ በፊት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣
ብቻዋን እስከ ውሃው ታንከር ሄዳ ስሟን ጮክ ብላ ትጥራ።
የአባቷን ስም ሳትጨምር።»

እርጎዬ ከኩታበር፣ ዘነቡ ከውጫሌ፣
ሰዓዳ ከገራዶ፣ ሳቋ የሚቀድማት ሁሌ፤
ጦይባ ግን ከደጋን፣ ትንሿ፣ ቀጭኗ፣
በዚያ ጨለማ ውስጥ ወጥታ ለብቻዋ
ስሟን ስትጠራ፣ የአዝዋ ገደል ማሚቶ
ሦስቴ አመጣው መልሶ፣ አንዷን ጦይባ አብዝቶ።
«ማናት?» አሉ ሜትሮኗ፣ እትዬ ዘርትሁን፤
ማንኮራፋት ጀመርን ባንዴ ስድስታችን።

ህንዱ ሚስተር ቫርጊስ፣ ስማችን ቢያደናግር፣
«አንቺ ካፖርት፣ ተነሺ» ይል ነበር በክብር፤
በሰባት ሳምንት ውስጥ ሰባት ፊት ቢያይ እንኳ
አንድ ጎበዝ ተማሪ መስለነው ነበር ለካ።

«መጋቢት ፬። አስቸኳይ ስብሰባ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት።
የጦይባ አጎት በር ላይ ናቸው። ሠርጉ እሑድ ነው።
ትደበቅ ያሉ፦ ሦስት።
አይሆንም ያሉ፦ ሦስት።
ጊዜ አልቆ ተበተነ።»

እጅ ነው የቆጠርኩት፣ ስም አልጻፍኩም ያኔ፤
ከ«አይሆንም» ሦስት እጆች አንደኛው ነው የኔ።
ዲፕሎማ አሳሳኝ፤ ገና ያልያዝኩት ወረቀት
ከጦይባ በለጠ፣ በዚያች አጭር ሰዓት።

ሳምንቱ የኔ ነበር፣ ካፖርቱ ጀርባዬ ላይ፤
አውልቄ ደረብኩላት፣ ዓይን ዓይኗን ሳላይ።
ቁልፉን ቆለፍኩላት፣ እንደ ሕፃን፣ ባንድ ባንድ፤
ትሬንታ ኳትሮው ጮኸ፣ ታች፣ ከኮምቦልቻ መንገድ።
አጎቷ መረቁኝ፤ «አንቺንም ያልብስሽ» አሉ፤
ምርቃት ይበርዳል? ይኸው፣ በረደኝ ቃሉ።

«መጋቢት ፲፩። ባለተራ፦ ጦይባ።
መጋቢት ፲፰። ባለተራ፦ ጦይባ።
መጋቢት ፳፭። ባለተራ፦ ጦይባ። ብርዱ እንደ ቀጠለ ነው።»

ለምን እንዲህ ጻፍሽ ብላ የጠየቀች የለም፤
እስከ ምረቃ ቀን ተራው አልዞረም።
አንድ ቀን ሚስተር ቫርጊስ ከሰሌዳው ዞሮ
«ያቺ ካፖርት የት ሄደች?» አለ፣ ጠመኔውን ሰብሮ።
«ጎበዝ ነበረች» አለ።
ዘነቡ ብቻ ተነስታ ወጣች።

በቀደም በዚያ አለፍኩ። ታንከሩ ቦታው የለም፣
ፎቅ በቅሎበታል። ጉሙ ግን አልተለወጠም።
የመሸባት አሮጊት መስዬው ዘበኛው
«እማማ፣ ማንን ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፦

«የሒሳብ መዝጊያ።
ጦይባ፦ አንድ ብር ከፍላለች። ዕዳ የለባትም።
እርጎዬ፦ አንድ ብር ከፍላለች። ዕዳ የለባትም።
ጸሐፊዋ፦ አንድ ብር ከፍላለች።»

እዚያ ላይ ቆሟል፤ መስመሩ አላለቀም።