ማጠፊያው ሲያጥር

ኪርያት ጋት ነው ያለሁ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣
ሁለት መጋዝ አለኝ፣ አንድ አሮጌ መላጊያ።
ቅንድቤን ሰጋቱራ ያሸበተው ቀድሞ፣
ፀጉሬ ጥቁር ሳለ፣ ጉልበቴም ደህና ቆሞ።

በጁላይ ማዘጋጃ ቤት አንድ ሥራ ሰጠኝ፤
ለመዋዕለ ሕፃናት ቁምሳጥን አዘዘኝ፦
አርባ ትንንሽ በሮች፣ አርባ የቦርሳ ቤት፣
ሴፕቴምበር ሲጠባ ልጆች የሚከፍቱት።

አርባ በር ሲባል ሰማንያ ማጠፊያ ነው፤
ደብተሩን ልጄ ሺራት ናት የምትይዘው።
«አባ፣ ከባሕር ማዶ ሁለት ሸቀል ብቻ፤
አምስት ይላል ደሞ እዚሁ ዳርቻ»
አለችና ቀመረች፣ ትርፉን አሳየችኝ፤
ሦስት በሰማንያ፣ ሁለት መቶ አርባ ሸለመችኝ።
እኔም ደስ አለኝ። ማን ገንዘብ ይጠላል?
እጄ ቶሎ ፈረመ፤ እጅ መች ያሰላል?

መርከቧ ተነሣች አሉ፤ ደረሰችም አሉ፤
አሽዶድ ወደብ በራፍ ተሰልፋለች አሉ።
ሳምንት አለፈ። ሌላም። አስመጪው ጋ ብደውል፣
«ባሕር ላይ ነው» ይላል፣ ጥርት ባለ ቃል።
ባሕሩን አሰብኩት፤ ሰማንያ ብረቴን
አቅፎ እያስተኛ፣ ሲነሣኝ እንቅልፌን።

አርባው በር ግድግዳ ተደግፈው ቆመው
የሚያዩኝ ይመስላሉ፦ «የኛ ነገር እንዴት ነው?»
በር ያለ ማጠፊያ ጣውላ ነው፣ ምኑ በር!
«ማጠፊያው አጠረው» ሲባል እሰማ ነበር፤
ቅኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የአናጢ ወሬ ነው፣
ያጠረኝ ማጠፊያ፣ ከነቁጥሩ ይኸው፦
ሰማንያ ነው።

ያን ቀን ነው የሄድኩት፣ አፍሬ፣ ተሸማቅቄ፣
ወደ ኦታሪ ዘንድ፣ ሦስት መንገድ ርቄ።
ከጆርጂያ የመጣ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣
ዋጋ ሲጠይቁት አስቀድሞ ሻይ የሚያስቀምጥ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልፍ በበሩ፣
ሻሎም ብቻ ነበር የንግዳችን ዝርዝሩ።
የሱ ዕብራይስጥ ሰባራ፣ የኔውም ስንጥር፤
ብረትና እንጨት ሲያወሩ እንዲህ ነው በዚህ አገር።

በሩን አገላብጦ፣ በጣቱ አንኳኩቶ፣
«የልጅ በር ነው?» አለኝ፣ መነጽሩን አንሥቶ።
«ያዘዝከው ማጠፊያ ጣት ይቆርጣል ወዳጄ፤
ጥርሱ ክፍት ነው። ተወው። የኔን እይ በእጄ።»
ክፍተቱን ደፈነው በቀጭን ቆርቆሮ፣
በገዛ ትንሽ ጣቱ አየው ደጋግሞ ሞክሮ።
ሐሙስ ተነጋገርን፤ እሁድ ከቀትር በፊት
ሰማንያው ደረሰ፣ ትኩስ እንደ እሸት።
አራቱ ጠምመው ነበር። ደወልኩ። በእግሩ መጣ።
ያኛው፣ የባሕር ማዶው፣ በየት በኩል ይመጣ?

አልዋሽም፤ ጣውላዬ ዛሬም በመርከብ ነው፤
በረሃ ዳር ነን እኛ፣ ደን ከየት ላምጣው?
ሺራትም ልጄ ነች፤ ደብተሯን ገለጠች፣
«ሁለት መቶ አርባ ጠፋ» ብላ በቀይ ጻፈች።
እውነቷን ነው። ጠፋ። እኔም አልካድኳትም።
ግን የጠፋ ሁሉ ሩቅ አገር አይሄድም።
በኦክቶበር ኦታሪ መደርደሪያ አዘዘኝ።
አዲሱ ሠራተኛው፣ የአድጎይቸው ልጅ፣
ከሠራዊት ተመልሶ ሲዞር የነበር በየደጅ፣
ዛሬ ብረት ያግላል፤ ሊያገባም ነው፤
ለአልጋው ጣውላ መርጦ ቀብድ የከፈለኝ ትናንት ነው።
ያቺው ሸቀል መሆኗን በምን አውቃለሁ?
ፊት የላትም ሸቀል፤
ብቻ ሳሸታት የብረት ዘይት አገኛለሁ።

ሴፕቴምበር አንድ ጠዋት በመስኮት ቆሜ ነበር።
አርባ ቦርሳ ገባ፤ ተንጓጓ አርባ በር።
አንዲት ቁንዳላ ልጅ ጣቷን እንዳስገባች
በሩን ገጭ አድርጋ በላዩ ላይ ዘጋች።
ትንፋሼ ቆመ።
ጣቷን አወጣችው፤ አገላብጣ አየችው፤
ሳቀች፤
ደግማ ዘጋችው።