ሌላ ካለ ይገለጽ

ቅዳሜ ከማስተባበሪያው መጠይቅ ታደለን፤
«ስም አይጻፍ» ይላል፤ እሺ ብለን ተቀበልን።
«ለምን ዓላማ ነው ኢንተርኔት የሚጠቀሙት?
ሀ. ለዕውቀት። ለ. ለፈተና። ሐ. ለመዝናናት።
መ. ሌላ ካለ ይገለጽ።» ከሥሩ ነጠብጣብ አለው፤
ርዝመቱ ስንዝር የማይሞላው።

ስንዝር አይበቃኝም። ጀርባውን ገልብጬ
እጽፋለሁ እንግዲህ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ።

እኔ ቡሬ ነኝ፣ ከእህል መጋዘን፣
ቀኑን ሙሉ በቆሎ ስመዝን፣ ስመዝን፤
ማታ ማታ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ የምማር፤
ሞጁሌ ከማርቆስ ሲጫን የፈሰሰበት ማር፤
ከአርባ አንደኛው ገጽ እስከ ኀምሳ ስድስት
ተጣብቆ ቀረ። ጉንዳን ነው ያነበበው፣ እኔ ሳልደርስበት።

መጀመሪያ እንግዲህ ለእነዚያ ዐሥራ ስድስት ገጽ
ስልኬን ይዤ ወጣሁ፤ ይኸው፣ ይገለጽ።

ጥቅል የሚረክሰው ሰው ሁሉ ሲተኛ፤
ኔትወርኩ ወፍጮ ቤት ጓሮ፤ ውሻው የታወቀ ነገረኛ።
ጋቢዬን ደርቤ፣ ዱላና ቻርጀር ይዤ፣
እቆማለሁ፤ ክቧ ትዞራለች፣ እኔም አብሬ ፈዝዤ።

በሦስተኛው ሌሊት ወረደ። አነበብሁ።
አልገባኝም። ደግሜ ሥር ሥሩን አሰመርሁ።
አልገባኝም።
አስተማሪው እንደሁ በመንፈቅ አንድ ቀን መጥቶ
«ጥያቄ አለ?» ይላል፣ ዐይኑ ሰዓቱ ላይ፣ መኪና እንዳያመልጠው ፈርቶ።

ያን ሌሊት በቴሌግራም አንድ የድምፅ መልእክት መጣ፤
ጥሩአየሁ ትባላለች፣ ከብቸና፤ ከጀርባዋ ሕፃን ሲቆጣ።
«ሰባተኛው ጥያቄ... እሽሩሩ... የገባው ካለ ይንገረኝ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ... እሽሩሩ... እኔስ ደንቆሮ ነኝ መሰለኝ።»

ሰባተኛው! ያው የኔው! በጨለማ ሳቅሁ፤
ውሻው ጮኸ፤ «እኔም አልገባኝ» ብዬ ላክሁ።
ልንገረው ከደጀን፣ ዘብ ቆሞ፣ «እኔንም ቁጠሩኝ» አለ፤
አለማወቃችን፣ እንደ ደቦ እርሻ፣ ተካፈልነውና ቀለለ።
ጎሕ ሲቀድ ታወቀ፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተ፤
ያን ሁሉ ሌሊት ያነጋን፣ ማተሚያ ቤቱ አንዲት ዜሮ ስለሳተ።

«ሀ»ም «ለ»ም ልክ ናቸው፤ «ሐ»ንም አልክድም፣
ኳስ አያለሁ አንዳንዴ፤ እሱን ግን አልጽፍም።

ፊቷን አላየሁት። ልጇ ግን ጥርስ አወጣ፤
ሰማሁት ትናንት፣ እርሳሷን ሲቆረጥም፣ እሷም ስትቆጣ።

ወረቀቱ ሞላ፤ ለማስተባበሪያው እመልሳለሁ፤
ዐሥራ ሁለት ኩንታል ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልመዝን እሄዳለሁ።