በማን ልክ

በስፖርት አዳራሹ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣
አሥራ አንድ የብረት ወንበር፣
ላምባ ላምባ የሚሸት ማሞቂያ፤
እኔም በአልኮል ጨርቅ መነጽር ወልዋይ፣
ለአንዱ አጥላቂ፣ ከሌላው አውላቂ፣ የሰው ዓይን አቀባባይ።

ኩሮሃማ የለችም፤ ውሃ ወስዷታል፣ ስድስት ዓመቷ።
ያለችው እዚህ ነው፣ በኮምፒውተሬ ሆድ፣
ብርሃን ነው ጭቃዋም እንጨቷ፤
ዝናብ አይደርስባት፣ ውሻ አይጮኽባት፣
ከሠሪዎቿ በቀር ማንም አልኖረባት።

ማታ ማታ ዱልሴ ከፖርቶ ትመጣለች፣ ምሳዋን እያላመጠች፤
ናጋሚኔ ከኦሳካ።
ባልተሠራ ጎዳና ላይ ሦስታችን እንቆማለን፣
ጥላ የለን፣ እግራችን መሬት ሳይነካ።
አንዱ ጣሪያ ሲያነሣ፣ ሌላው ዛፍ ይተክላል፣
ድልድይ በጣት ተጎትቶ ወንዝ ይሻገራል፤
«ትንሽ ወደ ግራ» ስትል ዱልሴ፣
ሰፈር ሙሉ፣ ከነፖስታ ቤቱ፣ ጓዙን ሳይሸክፍ ይሄዳል።

ዛሬ ግን ባለቤቶቹ መጡ፤
ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲ ገቡ።

የባሕሩ ግንብ ዘጠኝ ሜትር ተኩል።
በአናቱ መናፈሻ፣ በዳሩ መከለያ፣ ሣር፣ አግዳሚ ወንበር፤
ሰነዳችን «ከዚህ ላይ ባሕሩ ይታያል» ይል ነበር።

ቶኪዬ ኦይካዋ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣
የባሕር ሣር ስታደርቅ ኖራ የጎበጠ ጀርባዋ፣
መነጽሩን አጠለቀች፤ ጨለማ ቤት እንደገባ ሰው
ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች።
«ያምራል» አለች።
ፈገግ ልል ስል፦
«ግን ይኼ የማን ዓይን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ባሕሩን አየሁት። እኔ ደግሞ ከቆምኩበት
እንዲህ ያለ ነገር አይታየኝም፤
ይኼ የሟች ባሌ ቁመት ነው።
የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን
እሱ ነበር እንዲህ የሚያየው።»

ቁጥሩን የተውኩት እኔ ነኝ፦
ዓይን፣ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት።
ፕሮግራሙ ሲከፈት አብሮት የሚመጣ፤
ማን ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም፣
ልክ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሜትር አመጣሁ። ከወለሉ እስከ ዓይኗ ለካሁ፤
አንድ ሜትር ከሃያ ዘጠኝ።
ጻፍኩት፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችን።
ዱልሴ በፖርቶ ድንገት አጠረች፣ አፏ እንደሞላ «ኧረ!» አለች፤
ናጋሚኔ ዝም።
ፊታችን ኮንክሪት ነው፤ ከኮንክሪቱ በላይ
የመቀነት ጠርዝ የምታህል ሰማይ።

ከኋላ ኤይሳኩ ተናገረ፤ ሚስቱንም ልጁንም ያጣ፦
«መከለያው አይነካ።
እኔ ባሕሩን አይቼዋለሁ፤ በቅቶኛል።»
የሚመልስለት ጠፋ።
ቶኪዬም አንገቷን ነቀነቀች። ልክ ነዋ።

ላምባው ሊያልቅ ሲል ነው እንዲህ ያለችው፦
«ግንቡ ይኑር። ሁለት ደረጃ ስጡኝ፤ ሁለት ብቻ።»
ናጋሚኔ ስለ በጀት ጀመረ፤ ስለ ተዳፋት፣ ስለ ተሽከርካሪ ወንበር፤
ዱልሴ ግን ወሬው ሳያልቅ በጣቷ ጉብታ ስታነሣ ነበር።

አሮጊቷ እግሯን አነሣች፣
በሌለ ደረጃ ላይ፣ በአዳራሹ ልሙጥ ወለል፤
ሙሉ ክብደቷን በባዶው ላይ ጣለች።
ክንዷን ያዝኳት፤ እንደ ደረቀ የባሕር ሣር ቀላል።
«ቆይ፣ አትንካኝ» አለች፤ «እያየሁ ነው።»
ቆየሁ።
ከዚያ፦ «ድምፁስ?»
ድምፅ አልጫንኩም ነበር።

ሁሉም ሲሄድ፣ ወንበሮቹን ካጣጠፍኩ በኋላ፣
ፋይሉን ዘጋሁ። የድሮውን ቁጥር አላጠፋሁትም፤
ሁለት ዓይን አስቀመጥኩ በከተማዋ፦
አንዱን በስሟ፤
ሌላውን፣ ስሙን ሳልጠይቃት ወጥታ፣
«ባል» ብዬ።