ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት

መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ዓይኑን ከደነ፤
ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ የነበረው ኳስ ባከነ።
«ደብተር ዝጉ» አለ ቲቸር ዘርጋው፣ «ቁልፍ የያዘ ማነው?»
ትርንጎ የጫማዋን ክር ፈታች፤ ፔንዱለም ያ ነው።

ከደረጃው ብረት ላይ ቁልፉ ተንጠልጥሎ
ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከአራት ኪሎ አራት ኪሎ፤
ከታች የታክሲ ረዳት ይጮኻል፦ «ፒያሳ! ፒያሳ!»
ሲራክ፣ ስልክ በእጁ፣ ቁጥር ስቶ፣
እንደገና፤ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ።

አማካዩ፦ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት።
መጽሐፉ «ስምንት አንድ» ይላል። «የኛ ነው» አልን «ጥፋት።»

ሳቀ፤ ዓመቱን ሙሉ «ጻፉ!» ሲል የከረመ አፉ።
«ሩቅ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ነው የተለካው የመጽሐፉ፤
እናንተ ተራራ ላይ ናችሁ፣
ምድር እዚህ እጇን ላላ ታደርጋለች።»

መብራት መጣ።
ትርንጎ፣ ክር በሌለው ጫማ፣ ገና ትለካለች።