ዘጠኝ ሚሊሰከንድ

የጥር ሌሊት ነው፤ ደብረ ብርሃን በረዶ አርግዛለች፤
የቢሮዬ መስኮት በገዛ ትንፋሼ ታውራለች።
ጋቢ ደርቤ፣ የጓንቴን ጣት በመቀስ ቆርጬ፣
ተኩስ ቁጥር አራት ሺህ አስራ ሰባትን መርጬ
አያለሁ።

ተኩስ ይሉታል እነሱ። ባሕር ማዶ ነው ምድጃው፤
ቀለበት ነው፣ ሆዱ ባዶ፤ መግነጢስ ነው ግድግዳው።
ከፀሐይ እምብርት የጋለ፣ እሳት ያልሆነ እሳት
አራት ሴኮንድ ኖረ፤ ከዚያ አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ ጥፋት።

ሞቱንማ ማንም ያየዋል፤ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣ።
እኔ የተቀጠርኩት (ደመወዝ በጊዜው ሲመጣ)
ለሞቱ አይደለም። ለበፊቱ ነው።

ምስልን ከምስል እቀንሳለሁ፤ የሚመሳሰለው ይጠፋል፤
ልዩነቱ ብቻ እንደ ጉም ስክሪኑ ላይ ይንሳፈፋል።
ጣርማ በር ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል ይህን ነገር፦
ከቆላው የወጣ ደመና ገደሉን ተደግፎ ሲያድር
ጸጥ ብሎ፣ እስከ ከንፈሩ ሞልቶ፤
ድንገት በአንድ በኩል ሲገነፍል ጠርዙን ጥሶ፣ መንገድ አጥቶ፤
መኪናው ሁሉ መብራት ያበራል።
እኔ የምሻው ከዚያ በፊት፦ የቱ ሣር ቀድሞ ራሰ?

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ከተማው ጨለማ ለበሰ።
ላፕቶፑ በባትሪው ቀረ።
ያኔ አየኋት።
ጠርዙ ላይ ጎበጥ ያለች፣ እንደ እንዝርት የምትሾር ጥላ፤
ስትዞር፣ ስትዞር፣ ዝግ አለች፤ እንደ ደከመው ሰው ኋላ
አንድ ቦታ ቆመች፤ ቆማም ማበጥ ጀመረች።
ከሞቱ ዘጠኝ ሚሊሰከንድ ቀድማ ነበረች።
«ወየው» ለማለት አትበቃም፤
ለመጠምጠሚያው ግን ትበቃለች፣ ኮረንቲው ቀድሞ ከነቃ።
«ተገኘች» ብዬ ለአስካለማርያም ጻፍኩላት፤ መረቡ ሲመለስ ይሂድ።

ነግቶ ቤት ስገባ አምፖሉ በርቷል፤
አባቴ አሮጌ ብርድ ልብስ ከብርሃኑ ሥር ዘርግቷል።
ሠላሳ ዓመት ፋብሪካው ውስጥ ጉድለት ፈላጊ ነበረ፤
ጡረታ ወጣ እንጂ ዓይኑ ከሥራው መች ተባረረ?
«ነይ እስቲ ወይንሐረግ፣ ይቺን ክር እያት፤ ሳስታለች፤
ዛሬ ካልተያዘች ለክረምት ትተረተራለች።»

ክሯን አላየሁም።
የሚጠቁማትን ጣት አየሁ፤ ከአውራ ጣቱ ጋር ሲሻሽ፣
የሌለ ጥጥ የሚፈትል ይመስል፣ በቀስታ ሲሽከረከር።
ከመቼ ጀምሮ?
በአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ስንት ምሳ፣ ስንት ራት፤
አንድም ምስል የለኝም።

«አየሻት?» አለ።
«አየኋት» አልኩት።