ዘንገና የሄድን ዕለት

እሑድ ዘንገና ነን፣ ሐይቁን ልናይ ነው፤
ቅዳሜ ማታውን ቤቱ ሙግት ላይ ነው።
ወንድሜ አንሙት፣ የሁለት ሳምንት እንግዳ፣
ካዴት ሆኖ መጥቷል፣ ጭንቅላቱ ሜዳ፤
ካልጋው ራስ ተሰቅሏል ካኪው እንደ ባዳ።

ይልበስ፣ አይልበሰው፣ እሱን ማን ጠይቆ፤
የካውያው ፍም ብቻ ይንጣጣል ደምቆ።
እናቴ ባንቺአየሁ ውሃ ባፏ ይዛ፣
ትረጭበታለች እንደ ሌሊት ጤዛ፤
"ሰው ይይልኝ" ትላለች፣ "ሰው ይይልኝ ልጄን፣
ጎመንዘር ቸርችሬ ያላስዘጋሁት ደጄን።"

አባቴ ይርሳው ሬዲዮኑን ዘጋና፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ትንሽ ቆየና፣
"ሽርሽር ነው" አለ፣ "ሰልፍ እኮ አይደለም፤
ዘንገና ጄኔራል ሆኖ አያውቅም፣ የለም።"
ቆይቶም ደግሞ፣ ድምፁ ዝቅ እያለ፣
"በኔ ልጅነትማ ካኪ መጣ ከተባለ፣
በሩን ያልቆለፈ፣ ከብት ያልሸሸገ የታለ?"

"ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ!" እናቴ ተቆጣች፤
ጣቷን ምራቅ ነክራ ካውያውን ነካካች።
ቸስ አለ። ሙግቱን ዘጋው ያ አንዱ ቃል።
አንሙት ቁልፎቹን ባመድ ይፈትጋል፤
ማን እንደ ረታ ሊያውቅ ጆሮው ይጠብቃል።
እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት፣ ለካኪው ነው ያዳላሁ፤
ትርሲት እንድታየው ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁ።

ጧት ለበሰ።

አውቶቡሱ ገና ከዳንግላ ሳይወጣ፣
ረዳቱ ሂሳቡን ሊቀበለን መጣ፤
"ካንተማ አንቀበልም!" አለው ወንድሜን፤
በሱ ጥላ እኔም አተረፍኩ ስሙኒዬን።
ከዚያ አንድ አዛውንት፣ ያያቴ እኩያ፣
ተነሡለት ቀስ ብለው፣ ተደግፈው መቋሚያ።
የወንድሜ ፊት ቀላ፤ "ኧረ አባ!" አለ፤ ቆመ፤
ሽማግሌውም ቆሙ። ወንበሩ ባዶውን ከረመ
እስከ ኮሶበር ድረስ።
አባቴ በመስኮት ደመና ሲቆጥር፣
እናቴ የሚያየንን ሰው ስትቆጥር ነበር።

ዘንገና ክብ ነው፤ ደኑ ከቦት ዝም ብሏል፤
ድንጋይ ቢወረውሩ ድምፁን ውጦ ያስቀራል።
ፎቶ አንሺው ሣጥኑን በሦስት እግር ተከለ፤
"ጎበዝ፣ ደረት!" አለው። አንሙት ደረት ሆነ፤ አንገቱ የት እንዳለ
አላውቅም።

ልክ ያን ጊዜ አንዲት የድንች ቅቅል ሻጭ
መጣች፣ ቅርጫት ባናቷ፣ ከሣሩ ዳር ከውጭ።
ፎቶው "ቀጭ!" እንዳለ ክንዱን ያዝ አድርጋ፦
"እንዳላማው አያልን ታውቀዋለህ፣ ልጄ?
እንዳንተው ነው ልብሱ። ሦስት ክረምት ሆነው ከደጄ
ከወጣ። ቀኝ ጆሮው ላይ ጠባሳ አለችው፤
በልጅነቱ ላማችን በቀንዷ ጫረችው።"

አንሙት ዐሥራ ሰባቱ ነው። ጦር ሜዳ አያውቅም።
የሚያውቀው ቀኝ ዙር፣ ግራ ዙር፣ ቁም፤
አልጋ ማንጠፍ፣ ምላጭ፣ ምግብ በፊሽካ፤
እሷ ግን የጠራችው ልብሱን ነው ለካ።

"አውቀዋለሁ" አለ። "ደኅና ነው፣ እማማ።"
ጎርናናው ድምፁ ተሰብሮ ተሰማ።
ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤
ሦስት ድንች በኪሱ በግድ ከተተች፤
ሄደች።

አባቴ "አላልኩም?" አላለም። ይህን አልረሳለትም።
አንሙት ኮቱን አወለቀ፤ ብርዱን አልፈራም።
አባቴ ተቀብሎ ገለበጠው በገበሩ፤
ታቀፈው እንደ ሕፃን፣ ከነድንቹ፣ ከነቁልፉ፣ ከነክሩ።
ሲመለስ በሸሚዝ ነው። ረዳቱ "ሂሳብ!" አለ፤
ወንድሜ እጁን ኪሱ ከቶ የሁላችንን ከፈለ።

ይልበስ ነበር? አይልበስ? ዛሬም ብትጠይቁኝ
አንዴ እናቴ፣ አንዴ አባቴ ናቸው የሚመልሱልኝ።
ፎቶው እኔ ዘንድ ነው፤ ጫፉን ብል በልቶታል፤
እናቴ ትስቃለች፤ አንሙት ደረቱን ነፍቶታል፤
ከዳር፣ ግማሽ ፊቷ፣ ቅርጫቷ ገና አልወረደም፣
አንዲት ሴት ትታያለች።
ገና አልጠየቀችም።