ጉዳዩ፦ ምንታምር

ጻፍልኝ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጃንጥላህን ወደኔ አዘንብለው፣
ወረቀቱን ነፋስ አይንጠቀው፣ በድንጋይ ጫን አድርገው፤
«ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቦሌ አራብሳ» በለው።
ቀኑን ከላይ፤ ጉዳዩ ከሥር ይሰመር፣
ጉዳዩ አንድ ልጅ ናት፤ የቸገራት አንድ ወንበር።

ምንታምር ጌጡ ትባላለች። ሰባት ሊሞላት ነው፣
ለትምህርትስ የደረሰችው አምና ነው፤
ቀኝ እጇን በአናቷ አሻግራ፣
የግራ ጆሮዋን ያዘች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሳይደርሳት ተራ።
ዘበኛው ሳቀ። «ይሄ ድሮ ቀረ» አላት፣
«ዛሬ ወረቀት ነው እንጂ ጆሮ አይደለም የሚያስገባት።»
እሷ ግን እጇን አላወረደችም፣ እስኪደክማት።

የልደት ካርድማ አለን፤ በሱ አልመለሱኝም፣
መታወቂያዬ ነው ጥፋቱ፤ የዚህ ወረዳ አይደለም።
ከመሃል ከተማ ነው፣ ከፈረሰው ሰፈር፣
ዛሬ አስፋልት ሆኗል፣ መኪና ይረግጠዋል የቤቴን ቁጥር።
«መሸኛ አምጪ» አሉኝ። ሄድኩ፤ ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ፣
ጽሕፈት ቤቱም ተነሥቷል፤ ብጮህ የለም የሚመልስ።
ማን ይሸኘኝ? ሸኚው ሁሉ ቀድሞኝ ተሸኝቷል፣
ጎረቤቱ ገላን፣ ኮየ ፈጬ፣ የትም የትም ተበትኗል።
ያለ መሸኛ ወጣሁ፣ ያለ ተቀባይ ገባሁ፣
እዚያ ተሰርዤ፣ እዚህ ሳልጻፍ፣ በመሃል ቤት ቀረሁ።

ይህን ጻፍ። አለስልሰው፣ ግን አታሳጥረው፤
«ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው»
ትላለህ፣ አውቃለሁ፤ ልጄን ግን ከሥሩ አትቅበራት።

ርዕሰ መምህሯ ክፉ አይደለችም።
ሰባ አራት ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስት በአንድ ዴስክ፣ አልዋሸችኝም።
«አራተኛ ሆና ከጫፍ ትቀመጥ፣ ቀጭን ናት» አልኳት፣
ልትስቅ ብላ ተወችው፤ መሰለኝ አሳዘንኳት።
«ዝርዝሩ የሚመጣው ከወረዳ ነው።»
ወረዳው ወደ መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤት ወደ ቡድን መሪው፣
ቡድን መሪው ስብሰባ፣ ስብሰባው እስከ ማክሰኞ፣
ማክሰኞ ሲደርስ ሲስተም የለም።

አንድ ቀን መስኮቱ ተከፈተ፣ ስሜ ተጠራ፦
«ዝናሽ ተሰማ!»
«አቤት!» አልኩ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።
ልጁ ፋይሉን ገለጥ፣ ከደን አደረገና
«ገና ነው፣ እናቴ» አለኝ።
ተሰማማ የአባቴ ስም ነው፣
ያልተሰማውስ፣ አቤት ያልኩት ነው።

ሰባት ሳምንት አብራኝ ቆመች። ከማን ጋር ልተዋት?
ከአጥሩ ማዶ ልጆች ሀሁ ሲሉ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።
ትናንት ዝናቡ አባርቶ፣ ለመስኮቱ ሦስት ሰው ሲቀረን፣
ጣቷን በሩ ላይ ካለው ወረቀት አሳረፈች፦
«ም... ዝ... ገ... ባ...»
ቀና አልኩ።
«ተ... ጠ... ና... ቆ... ል።»
«ማን አስተማረሽ?»
«ሰልፉ» አለችኝ።
ከፊቷ የቆመውን ሁሉ «ይሄስ ምንድን ነው?» እያለች ስትጠይቅ ኖራለች፤
«ዝግ ነው»ን ታውቃለች፣ «ቢሮ ቁጥር ሰባት»ን፣ «ሻይ አለ»ን፣
የማህተሙን ዙሪያ እንኳ አንገቷን አጣማ ትከተላለች።
ደስ አላት እኮ! የከለከላትን ቃል አንብባ ደስ አላት።
እኔ መሳቁም ማልቀሱም ጠፋኝና
ያልተፈታ የሹራቧን ቁልፍ ፈትቼ መልሼ ቆለፍኩ።

ቆይታ ግን፣ «እማ፣ ተጠናቆል ይባላል እንዴ?» አለችኝ።
እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤
ልክ አለመሆኑን ጆሮዬ ያውቃል፣ አፌ ግን ፈራ።

እና ጋሽ ሸዋንግዛው፣ «ከሰላምታ ጋር» ከማለትህ በፊት
አንድ መስመር ጨምርልኝ፦
በራችሁ ላይ የለጠፋችሁት ቃል ራሱ አልተጠናቀቀም፣
ልጄ ጥያቄ አላት፣ የሚመልስላት አስተማሪ ስጧት።

አትሳቅ። ጻፈው።
ለፊርማው ሰፋ ያለ ቦታ ተው፤ ስሟን ራሷ ትጽፋለች፣
ትንሽ ይዘምባታል፣
«ም» ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆምላት።